«ቦርከና ደረቀ እንዴ?»

አንድ የኮምቦልቻ ወጣት ለውትድርና ሥልጠና ሊሄድ ነው። «ጋሼ፣ የጦር ክፍል ለክፍል ይተራረባሉ ይባላል። ሲተርቡኝ ልቆጣ ወይስ ልሳቅ?» ብሎ ጠየቀኝ። ሳቅ አልኩት። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። የባሕር ኃይሉ መርከበኛ ወዳጃችን ትዝ አለኝ።

ቀያሽ ከመሆኔ በፊት መድፈኛ ነበርኩ። ከ1983 በኋላ የቀድሞ ወታደሮች ደሴ ፒያሳ አንድ ሻይ ቤት እንሰባሰብ ነበር። እግረኛው «መድፈኛ ጠላት በዓይኑ አይቶ አያውቅም» ይለኛል። ባለ 122 ሚሊሜትሩ መድፍ 15 ኪሎ ሜትር ስለሚወረውር ነው። «እኔ ባልተኩስልህ ኮቾሮህን በሰላም ትበላ ነበር?» እለዋለሁ። ከዚያ ተባብረን ወደ አየር ኃይሉ እንዞራለን፤ ቀን ተዋግቶ ማታ ደብረ ዘይት ሽቶ ተቀብቶ የሚተኛ እያልን። የሻይ ቤቱ ባለቤትም ጣልቃ ይገባሉ። ኅዳር 26 ቀን 1928 ጣሊያን ደሴን በቦምብ ሲደበድብ ጃንሆይ ራሳቸው በፀረ አውሮፕላን መትረየስ ተኩሰዋል። «የደሴን ሰው በአውሮፕላን አታስፈራሩት!» ይሉ ነበር።

የመርከበኛው ተረብ ግን ይለይ ነበር። «የቦርከናን ወንዝ በበጋ ተሻግረህ ታውቃለህ?» እንለዋለን። «ሐይቅ ላይ ወደብ እንሥራልህ?» እሱ የመጋረጃውን ገመድ ይዞ የመርከብ ቋጠሮ እየቋጠረ ያዳምጣል። «እናንተ ጭቃ ውስጥ ስትንከባለሉ እኔ ነጭ ለብሼ ነው የተዋጋሁት» ይላል። ከመሄዱ በፊት ቋጠሮውን ይፈታዋል።

1985 መጣ። ኤርትራ ነፃ አገር ሆነች፤ ባሕሩም አብሮ ሄደ። አንዱ ስለ ቦርከና ሊጀምር ሲል ሌላው «ተው፣ ይከፋዋል» ብሎ በክርኑ ጎሸም አደረገው። ከዚያ ወዲህ እርስ በርስ እንተራረባለን፣ እሱ ጋ ስንደርስ ስለ ጦሳ ተራራ ብርድ እናወራለን። አንድ ቀን ዞር ዞር ብሎ አየንና «ምነው፣ ቦርከና ደረቀ እንዴ?» አለ። ማንም አልመለሰለትም። እየቆየ መምጣቱን ተወ፤ ኋላም ከተማውን ለቀቀ። በ2011 ባሕር ኃይሉ በሕግ እንደገና ሲቋቋም ቀድሞ የመጣብኝ እሱ ነበር። ስልኩ የለኝም።

ያዘንንለት መስሎን ከመሃላችን አስወጣነው። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የዛሬ ልጆች ሙድ መያዝ ትወዳላችሁ። ፌስቡክ ላይ የማታውቁትን ሰው ሰድባችሁ «ቀልድ ነው» ትላላችሁ። እኔ አልቀበለውም። ተረብ አብሮ ሻይ ለጠጣ ሰው ነው። ደግሞ እንዲህ ብዬ፣ ታክሲ ውስጥ የማይተዋወቁ የብርዳማዋ ደሴና የሞቃታማዋ ኮምቦልቻ ልጆች «ሙቀት ያቀለጠህ»፣ «ግንቦትም ጃኬት» ሲባባሉ ስሰማ ደስ ይለኛል። ምናልባት ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሐረጎን ቁልቁለት አብሮ መውረድም እንደ ሻይ ይቆጠር ይሆናል። በሰው ብሔር፣ በሃይማኖቱና በሞተበት ሰው ግን አይቀለድም።

ስለ ሰዓት ማክበርና ስለ ዲሲፕሊን አልመክርህም፤ እዚያው ያስተምሩሃል። መድፈኛ ከደረሰህ «ደንቆሮ» ይሉሃል፤ ሳቅ። ጆሮህን ግን ጠብቅ። መከላከያ ካልሰጡህ ጠይቅ። ከሌለም ሲተኮስ ጆሮህን በእጅህ ድፈን፣ አፍህን ክፈት። የእኔ ግራ ጆሮ ዛሬም ይጮኻል።