የሠራችሁትን ክረምት ካለፈ በኋላ ሄዳችሁ እዩት

ይድረስ ሳይክልና መንገድ ላይ የሚገጥመውን ችግር በእጃችሁ ለመፍታት ለምታስቡ ልጆች። እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ የፒያሳን ዳገት መሸሽ ጀምሯል።

ዕድሜዬን የፈጀሁት በማሽን ሥራ ነው። ቶርኖ ላይ ቆሜያለሁ፣ ንድፍ ስያለሁ፣ ጋራዥ አስተዳድሬያለሁ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ደግሞ የሰፈር ልጆች የሠሩትን እየያዙ ይመጣሉ፤ "ጋሼ፣ ይቺን እስቲ ይዩልን" ይሉኛል። ለእነሱ በቃል የምለውን ነው አሁን የምጽፍላችሁ።

ባለፈው ሐምሌ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቸርችል ጎዳና ላይ ዝናብ ያዘኝና ዋናው ፖስታ ቤት አካባቢ ተጠለልኩ። ከማዘጋጃ ቤት በኩል አንድ ልጅ ትልቅ የዕቃ ማድረሻ ሳጥን አዝሎ በሳይክል ቁልቁል ይመጣል። ሁለቱንም ፍሬን ጨብጧል፤ ሳይክሉ ግን የሰማው አይመስልም። ቀኝ እግሩን ወደ ኋላ ሰዶ በጫማው ሶል የኋላውን ጎማ እየፈተገ፣ አንድ ሚኒባስ ለጥቂት ስቶ፣ እኔን አለፍ ብሎ ቆመ። ወርዶ መጀመሪያ ያየው ሳጥኑን ነው፤ ምግቡ ተደፍቶ እንደሆነ።

ጠጋ ብዬ ፍሬኑን አየሁለት። የፍሬኑ ጎማ አልቆበት ከአሮጌ የመኪና ጎማ ቆርጦ ገጥሟል። ብልህ ልጅ ነው፤ በደረቅ ቀን ይይዝለታል። ቸርኬው ሲረጥብ ግን በጎማውና በብረቱ መሐል ስስ ውሃ ይገባል፤ ጎማው ያንን ውሃ ጠርጎ ሳያወጣ ብረቱን አያገኘውም። የሱ ቁራጭ ደግሞ ልሙጥ ስለሆነ ውሃው መሄጃ የለውም። የፋብሪካ ፍሬን ጎማ ላይ የምታዩት ስንጥቅ ለውበት የተደረገ እንዳይመስላችሁ። ከኪሴ ሴንጢ አውጥቼ በእያንዳንዱ ላይ ሁለት ሁለት ቦይ ቀደድኩለት። ሞከረው፤ ያዘለት። "አባቴ፣ ዕድሜ ይስጥዎ" ብሎኝ ሄደ። እኔም ደረቴን ነፍቼ ቤቴ ገባሁ። ይህን ልጅ ግን አትርሱብኝ።

ወደ እኔ ከሚመጡት ፈጠራዎች አብዛኞቹ የሚጀምሩት ከስልክ ነው። ብሉቱዝ ያለው ሄልሜት፣ መሪ ላይ የሚታሰር ስክሪን፣ ሌባ ሲነካው ሜሴጅ የሚልክ ቁልፍ። ልጆቹ ጎበዞች ናቸው፤ እኔ ኮድ መጻፍ አላውቅም። የምጠይቃቸው ግን አንድ ነገር ነው፦ ይህ ዕቃ የሌለው ሰው ዛሬ ችግሩን በምን እያለፈው ነው? ብዙዎቹ መልስ የላቸውም፤ ሄደው አላዩማ። የዚያ ልጅ የጫማ ሶል ገንዘብ አልወጣበትም፣ ሁልጊዜ አብሮት ነው፣ ቻርጅ አይፈልግም። የምትሠሩት ነገር መጀመሪያ ያንን ሶል ማሸነፍ አለበት። ሲበላሽም መንገድ ዳር ያለው ጎሚስታ በአንድ መፍቻ ካልፈታው፣ በሳምንቱ ፌስታል ተጠቅልሎ አልጋ ስር ይገባል።

የኔን ውርደት ልንገራችሁ። ዛሬ አሥር ዓመት ገደማ፣ ከአራት ኪሎ ዝቅ ብሎ ባለ አንድ የውስጥ መንገድ ስነዳ የፊት ጎማዬ የፍሳሽ መውረጃ ፍርግርግ ውስጥ ገባ። ብረቶቹ የተደረደሩት ቁመታቸውን ከመንገዱ ጋር አድርገው ነበር፤ ስፋቱ 28 ሚሊሜትር የማይሞላ የሳይክል ጎማ በሁለቱ መሐል ሰተት ብሎ ይገባል። ጎማው ተጣመመ፣ እኔም አገጬን ተሰፋሁ። እልህ ያዘኝ። ቁስሉ ሳይደርቅ ንድፍ ሣልኩ፤ በስድስት ቁጥር ፌሮ ቀዳዳው ጠበብ ጠበብ ያለ፣ ሌባ እንዳይወስደው ማጠፊያ ያለው፣ ቀለም የተቀባ፣ ለዓይን የሚያምር ክዳን። ፊት ለፊቱ ሱቅ ያለው ሰውዬ እሺ አለኝና በገዛ ገንዘቤ አስበይጄ ገጠምኩት። አንድ ወር ሙሉ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ቆም ብዬ አየው ነበር።

ሐምሌ ላይ የመጀመሪያው ትልቅ ጎርፍ መጣ። ፌስታሉ፣ ቅጠሉ፣ የሃይላንድ ክዳኑ፣ የጫት ገረባው ሁሉ እኔ ባጠበብኩት ቀዳዳ ላይ ተለጠፈ። ውሃው መውረጃ ሲያጣ ወደ ሱቁ ዞረ። ሰውየው አንድ ጆንያ ስኳር ሟምቶበት አገኘሁት፤ ክዳኔን በዲጂኖ ነቅሎ ግድግዳ አስደግፎታል። ምንም አላለኝም፤ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ለሳይክል ነጂው ሳስብ ለውሃው አላሰብኩም፤ ያ ጉድጓድ ደግሞ የተቆፈረው ለውሃው ነው።

መፍትሔው በኋላ ሲመጣ ሳቄን አመጣው። ፍርግርጉን ዞር አድርጎ መግጠም ይበቃ ነበር፤ ግን ፍሬሙ ሞላላ ስለሆነ አልዞር አለ። በያጁ በነባሮቹ ብረቶች ላይ በየስንዝሩ አንድ አንድ ጠፍጣፋ ብረት አጋድሞ በየደልኝ። አለቀ። ስሌቱን ራሳችሁ ሥሩት፦ የሳይክል ጎማ ከመሐል እስከ ጠርዝ 34 ሳንቲሜትር ያህል ነው። ክፍተቱ በርዝመቱ 20 ሳንቲሜትር ላይ ከተዘጋ ጎማው ወደ ውስጥ የሚሰምጠው 1.5 ሳንቲሜትር ብቻ ነው፤ ያንገጫግጫል እንጂ አይጥልም። ፌስታሉም ያልፋል። ያ ፍርግርግ ከዚያ በኋላ ሁለት ክረምት ሲያልፍበት ሄጄ አይቼዋለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ሱቁ ደረቅ ነበር።

ስለ ማታ መንዳት አንድ ነገር ልጨምር። ከኋላ ሲዲ ያንጠለጠሉ ሳይክሎች አያለሁ። ቀን ያብረቀርቃል። ማታ ግን ሲዲ መስታወት ነው፤ የመኪና መብራት በአንድ ጎን ቢመጣለት በሌላው ጎን ይሰደዋል እንጂ የሾፌሩ ዓይን ውስጥ አያስገባውም። ደህና አንጸባራቂ ሰብራችሁ ብታዩ ውስጡ በ90 ዲግሪ የተገጣጠሙ ሦስት ሦስት ጥቃቅን ገጾች ታገኛላችሁ፤ ብርሃኑን አንጥረው ወደመጣበት ይመልሱታል። የገዛችሁትን ወይም የሠራችሁትን ለመፈተን ቤተ ሙከራ አያስፈልግም። መብራት በጠፋ ማታ ሠላሳ እርምጃ ራቁና የስልካችሁን መብራት ጆሯችሁ አጠገብ አድርጋችሁ አብሩበት። ከወገባችሁ በታች ከያዛችሁት ግን ጥሩውም መጥፎ ይመስላችኋል።

በዚህ ነገር የማደንቀው እንግሊዛዊውን ፐርሲ ሾውን ነው። በ1934 (እ.ኤ.አ.) አስፋልት መሐል የሚቀበር፣ "የድመት ዓይን" የተባለ አንጸባራቂ ፓተንት አወጣ። አንጸባራቂ ብርጭቆ ጎማ ውስጥ መክተት ሌላም ሰው ያስበው ይሆናል። የሱ ብልሃት ጭቃው ላይ ነው፤ መኪና ሲረግጠው ጎማው ወደ ታች ይለምጥና ብርጭቆውን ይጠርገዋል፣ ሥሩ ደግሞ የዝናብ ውሃ ይጠራቀምና ያጥበዋል። ሰውየው ጽዳቱን ያሠራው በራሱ በሚያቆሽሸው መንገድ ነው። የኛ ልጆች አንጸባራቂውን ከጎማው አጠገብ ዝቅ አድርገው ይለጥፉና በሰኔ በሁለተኛው ቀን ጭቃ ውጦት ይቀራል።

ከ2016 ወዲህ በኮሪደር ልማቱ ፒያሳና አራት ኪሎ የሳይክል መንገድ ተነጥሎ ተሠርቷል፤ በጎ ነው። ሳይክሉ ግን ማታ ቤት መግባት አለበት። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የሚኖር ሰው በትከሻው ነው የሚያወጣው። ደረጃው ዳር ጎማ የሚገባበት የብረት ቦይ መዘርጋት ከባድ ሥራ አይደለም፤ ግን ግድግዳው ሥር ከለጠፋችሁት መሪውና ፔዳሉ ግድግዳውን እየፋቁ ያስቸግራሉ፤ ካራቃችሁት ደግሞ ጀሪካን ተሸክማ የምትወርደውን እናት ያደናቅፋል። እኔ እስካሁን አልፈታሁትም። ከእናንተ አንዱ ደረጃው ላይ አንድ ሳምንት ጠዋትና ማታ ተቀምጦ ቢያይ ይፈታው ይሆናል።

ስለ ፓተንት ሁልጊዜ ትጠይቁኛላችሁ፤ ባጭሩ ልመልስ። ሕጉ አዋጅ ቁጥር 123/1987 ነው። ፓተንት የሚሰጠው ለ15 ዓመት ነው፤ ለ5 ዓመት ሊራዘም ይችላል። ለእንደኛ ዓይነቱ ማሻሻያ ግን "አነስተኛ ፈጠራ" የሚባለውን ክፍል አንብቡት፤ ጥበቃው 5 ዓመት ነው፣ ለሌላ 5 ይታደሳል። ከማመልከታችሁ በፊት ቀድሞ የተሠራ እንደሆነ ፈልጉ። ደንሎፕ የሚባለው በቤልፋስት ይኖር የነበረ ስኮትላንዳዊ የእንስሳት ሐኪም ለልጁ ባለ ሦስት እግር ሳይክል በአየር የተነፋ ጎማ ሠርቶ በ1888 (እ.ኤ.አ.) ፓተንት አወጣበት። በኋላ ተሰረዘበት፤ ሮበርት ቶምሰን የተባለ ሌላ ስኮትላንዳዊ ከ40 ዓመት በላይ ቀድሞት ኖሯል። የቶምሰን ጎማ የተረሳው መጥፎ ሆኖ አይመስለኝም፤ በሱ ጊዜ የሚገጠምለት ሳይክል ገና አልነበረም። ገበያውን ያገኘው ግን ደንሎፕ ነው። እንግዲህ ወረቀቱ ዋጋ አለው፤ ከወረቀቱ በፊት ግን መርካቶ ምናለሽ ተራ ወርዳችሁ አሮጌ ከመነዳሪና ላሜራ እየለቀማችሁ አምስት መጥፎ ናሙና ሥሩ፤ የመጀመሪያውን ናሙና አምስት ሺህ ብር አውጥቶ ቶርኖ ቤት የሚያስቀርጽ ሰው በኋላ ስህተቱን ለመጣል እጁ አይታዘዝለትም።

አሁን ወደ ልጁ ልመለስ። መስከረም ሲጠባ ፈለግኩት፤ ለገሃር ጋ ከጓደኞቹ ጋር ሥራ ሲጠብቅ አገኘሁት። "ፍሬኑስ?" አልኩት። ይሉኝታ ይዞት ትንሽ አመነታ። "አባቴ፣ ሁለት ሳምንት በጣም ጥሩ ነበር" አለኝ። ጎንበስ ብዬ ሳይ የቀደድኳቸው ቦዮች በደቃቅ አሸዋ ተሞልተው እንደ ወፍጮ ድንጋይ ሆነዋል፤ የአሉሚኒየሙ ቸርኬ ዙሪያውን ተፍቋል። ቦዮቹን ቀጥ አድርጌ፣ ጫፋቸውንም ደፍኜ ነበር የቀደድኳቸው፤ የገባው አሸዋ መውጫ አልነበረውም። ልጁ ነቅሎ ጥሎ ሌላ ልሙጥ ቆርጦ ገጥሟል። ሶሉም ተመልሶ ሥራ ጀምሯል፤ ቀኝ ጫማው ተረከዙ ላይ ተበልቷል።

ሰሞኑን ቤቴ ቁጭ ብዬ አዲስ ጥንድ ቆርጫለሁ፤ ቦዮቹ ሰያፍ ናቸው፣ ወደ ታች በኩል ክፍት። ዝናቡ ስላቆመ መሞከሪያ ቸገረን። ቅዳሜ ጠዋት፣ መኪና ሳይበዛ፣ ውሃ የሞላ ሁለት ሃይላንድ ይዘን ከማዘጋጃ ቤት ቁልቁል ልንወርድ ተቀጣጥረናል። ልጁ በሳይክሉ ቸርኬው ላይ ውሃ እያፈሰሰ፣ እኔ በታክሲ ከኋላው።