ያላደረሱትን ጉዳት እንዲከፍሉ ሲጠየቁ፦ ስለ ኪራይ መኪና የቀረቡ የአንባቢያን ጥያቄዎች

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች ስድስቱ በአንድ ጉዳይ ላይ ስለተገናኙ አንድ ላይ አቅርቤያቸዋለሁ። አብዛኞቹ ጠያቂዎች መኪና ተከራይተው፣ በሰላም ነድተው ከመለሱ በኋላ የጉዳት ካሳ የተጠየቁ ሰዎች ናቸው። ደብዳቤዎቹን ሳነብ ከገንዘቡ መጠን ይልቅ ያሳዘነኝ፣ ጉዳቱን እንዳላደረሱ እርግጠኛ የሆኑ ሰዎች «ከመጨቃጨቅ ከፍዬ ልገላገል» ወደ ማለት መቃረባቸው ነው።

ጥያቄ፦ ለእህቴ ሠርግ ከአንድ የቨርጂኒያ አየር ማረፊያ ለአራት ቀናት መኪና ተከራይቼ ነበር። የመለስኩት ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ስለሆነ ቢሮው ዝግ ነበር፤ ቁልፉን በተዘጋጀው ሣጥን ውስጥ ጥዬ ሄድኩ። ከ22 ቀናት በኋላ «የኋላ ፓራውልት ላይ ጭረት ተገኝቷል» ተብሎ የ1,185 ዶላር ሒሳብ ደረሰኝ፦ ለጥገና 640፣ መኪናው ሥራ ፈትቶ ለቆመባቸው 5 ቀናት 325፣ ለመኪናው የሽያጭ ዋጋ መቀነስ 120፣ ለአስተዳደር ወጪ 100 ዶላር። ምን ላድርግ?

መልስ፦ በመጀመሪያ፣ የደረሰዎት ወረቀት የአንድ ወገን ጥያቄ ነው፤ ፍርድ አይደለም። ስለዚህ አይክፈሉ፤ የተላከልዎትንም የጉዳት መግለጫ አይፈርሙ። በስልክም አይከራከሩ። ይህን አጥብቄ የምመክረው በቋንቋችን ጨዋነት የሆነው «ይቅርታ፣ ምናልባት ሳላስተውል ነክቼው ይሆናል» የሚለው አነጋገር፣ በእነርሱ መዝገብ ላይ የእምነት ቃል ሆኖ ሊሰፍር ስለሚችል ነው። ሁሉንም ነገር በጽሑፍ ያድርጉት።

በደብዳቤዎ ጉዳቱን እንዳላደረሱ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይግለጹና ማስረጃ ይጠይቁ። መኪናውን ሲረከቡና ጉዳቱ ተገኘ ሲባል የተነሡ፣ ቀንና ሰዓት ያለባቸው ፎቶዎች እንዲላኩልዎት፣ ጭረቱን ማን፣ መቼና የት እንዳየው እንዲገለጽልዎት ይጻፉ። ከዚያ ዋናውን ጥያቄ ያቅርቡ፦ እርስዎ ከመለሱበት ሌሊት አንሥቶ ጭረቱ እስከተመዘገበበት ጊዜ ድረስ መኪናውን ማን አጠበው፣ ማን ከቦታ ቦታ አንቀሳቀሰው፣ ለሌላ ሰውስ ተከራይቶ ነበር ወይ? በእነዚያ 22 ቀናት ውስጥ አንድ ሌላ ደንበኛ እንኳ ነድቶት ከሆነ፣ ጭረቱን ከእርስዎ ጋር የሚያገናኘው ክር ተበጠሰ ማለት ነው።

ሒሳቡንም በየመስመሩ ይመርምሩት። ለጥገናው የዋጋ ግምት ሳይሆን ጋራዡ የሰጠውን የመጨረሻ ደረሰኝ ይጠይቁ፤ ትልልቅ አከራዮች ከጋራዦች ጋር የቅናሽ ስምምነት ስለሚኖራቸው በግምቱና በተከፈለው ገንዘብ መካከል ሰፊ ልዩነት ሊኖር ይችላል። ሥራ ፈታ ለተባለበት ጊዜ፣ መኪናው ጋራዥ የገባበትንና የወጣበትን ቀን የሚያሳይ ሰነድ፣ እንዲሁም በእነዚያ ቀናት በግቢው ውስጥ ሌሎች መኪኖች ያለ ተከራይ ቆመው እንደነበር የሚያሳየውን መዝገብ ይጠይቁ፤ የሚከራይ መኪና ሳያጡ «ገቢ ቀረብኝ» ማለት አሳማኝ አይደለምና። ተቀብቶ እንደ ነበረ ለሚመለስ የፓራውልት ጭረት የዋጋ መቀነስ መጠየቅ ደግሞ በእኔ እምነት ተገቢ አይደለም፤ ቢያንስ 120 ዶላር የሚለው ቁጥር በምን ስሌት እንደተገኘ ያስረዱዎት።

ደካማ ጎንዎንም ልንገርዎት። ብዙ ውሎች ቢሮው በተዘጋበት ሰዓት የተመለሰ መኪና፣ ቢሮው ተከፍቶ እስኪታይ ድረስ ኃላፊነቱ በተከራዩ ላይ እንደሚቆይ ይናገራሉ። ውልዎን አውጥተው ይህን አንቀጽ ያንብቡ፤ ኩባንያው የሚመልስልዎት በእርሱ ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ አንቀጹ ጭረቱ በእነዚያ ጥቂት ሰዓታት ወይም ከዚያ በፊት መድረሱን የማሳየትን ሥራ አያስቀርላቸውም። ቁልፉን ሲጥሉ ያነሡት ፎቶ በስልክዎ ላይ ካለ ዋናውን ቅጂ እንዳያጠፉት።

ጥያቄ፦ ሎስ አንጀለስ ውስጥ የተከራየሁትን መኪና በር እኔው ራሴ ከግንብ ጋር አጋጭቼዋለሁ፤ አልካድኩም። ጥገናው 420 ዶላር ሆኖ ሳለ ለአስተዳደር ወጪ ተጨማሪ 150 ዶላር ጠየቁኝ። ይህ ልክ ነው?

መልስ፦ ልክ አይደለም። በካሊፎርኒያ የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት የአስተዳደር ክፍያው ጣሪያ አለው። የጥገናው ግምት ከ100 ዶላር በላይ እስከ 500 ሲሆን 50 ዶላር፣ ከ500 በላይ እስከ 1,500 ሲሆን 100 ዶላር፣ ከዚያ ሲበልጥ 150 ዶላር ነው። ስለዚህ ከእርስዎ ሊጠየቅ የሚችለው 50 ብቻ ነው። ሕጉ አከራዩ ለጥገና ከወጣው ትክክለኛ ወጪ በላይ እንዳይጠይቅና ያገኘውን ቅናሽ እንዲቀንስም ያስገድዳል፤ የ420 ዶላሩንም ደረሰኝ ይጠይቁ። ጥፋትን ማመን የተጋነነ ሒሳብ መቀበልን አይጨምርም።

ጥያቄ፦ እኔን ሳይጠይቁኝ 760 ዶላር ከካርዴ ቆርጠዋል። ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። ባንኬ ሊያስመልስልኝ ይችላል?

መልስ፦ የትኛው ካርድ እንደሆነ አልጻፉልኝም፤ ነገሩ የሚወሰነው ደግሞ በእርሱ ነው።

ክሬዲት ካርድ ከሆነ እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው የአሜሪካ ፌዴራላዊ ሕግ ይጠብቅዎታል። ያልተስማሙበት ክፍያ የታየበት የመጀመሪያው ወርሃዊ መግለጫ ከተላከልዎት ቀን ጀምሮ በ60 ቀናት ውስጥ ተቃውሞዎ በጽሑፍ ለካርድ ሰጪው ባንክ መድረስ አለበት። ደብዳቤውን ክፍያ ወደሚላክበት አድራሻ ሳይሆን ባንኩ ለሒሳብ አቤቱታ ወዳዘጋጀው አድራሻ፣ መድረሱ በፊርማ በሚረጋገጥ ፖስታ ይላኩት። ስልክ መደወል ጥሩ ጅምር ቢሆንም መብቱን የሚያስከብርልዎት ጽሑፉ ነው። ባንኩ በ30 ቀናት ውስጥ አቤቱታው መድረሱን ሊያሳውቅዎት፣ በሁለት የሒሳብ ዙሮች ውስጥ፣ ቢበዛ በ90 ቀናት፣ ውሳኔ ሊሰጥ ይገባል። እስከዚያ ድረስ የተከራከሩበትን ገንዘብ አለመክፈል ይችላሉ፤ ቀሪውን ሒሳብ ግን በጊዜው ይክፈሉ።

ዴቢት ካርድ ከሆነ ገንዘቡ ከሒሳብዎ ወጥቷል፤ ይህ ሕግም አይሸፍነውም። ለባንኩ ዛሬውኑ አቤቱታ ያስገቡ፤ ካልተሳካ በሜሪላንድ ዲስትሪክት ፍርድ ቤት እስከ 5,000 ዶላር የሚደርስ አቤቱታ በአነስተኛ ክስ ችሎት ያለ ጠበቃ ማቅረብ ይችላሉ። በሁለቱም መንገድ ገንዘቡ ቢመለስልዎ እንኳ ኩባንያው ዕዳው አለ ብሎ መጠየቁን ሊቀጥል፣ ዳግመኛም መኪና ላያከራይዎት እንደሚችል ይወቁ። እኔ ብሆን ከዚያ ኩባንያ ዳግመኛ አለመከራየትን እመርጥ ነበር።

ጥያቄ፦ ኩባንያው የሚሸጠውን የጉዳት ዋስትና አልገዛሁም። ጓደኛዬ «ክሬዲት ካርድህ ይሸፍንሃል» አለኝ። እውነት ነው?

መልስ፦ ብዙ ጊዜ እውነት ነው፤ ነገር ግን ሁሉም ካርድ ይህ ጥቅም የለውም። ያላቸው ካርዶች በአብዛኛው ኪራዩ በሙሉ በዚያው ካርድ እንዲከፈል፣ ውሉ በካርዱ ባለቤት ስም እንዲሆንና የኩባንያው ዋስትና ሳይገዛ እንዲቀር ይጠይቃሉ። የሚሸፍኑትም የተከራዩትን መኪና ነው፤ በሌላ ሰው መኪና ወይም አካል ላይ የደረሰ ጉዳትን አይጨምርም። ለማሳወቂያ የተሰጠው ጊዜ አጭር ስለሆነ ከኩባንያው ጋር ክርክሩን ሳይጨርሱ አስቀድመው ለካርዱ ያሳውቁ።

ጥያቄ፦ የጉዳት ካሳ የጠየቁበትን ደብዳቤ ችላ ብዬ ነበር። አሁን ዕዳ ሰብሳቢ ድርጅት እየደወለ ያስፈራራኛል።

መልስ፦ ችላ ማለቱ ጎድቶዎታል፤ ጊዜው ግን ገና አላለፈ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1977 በወጣው የአሜሪካ የዕዳ አሰባሰብ ሕግ መሠረት፣ የዕዳውን ዝርዝር የያዘው ማስታወቂያ ከደረሰዎት በኋላ በ30 ቀናት ውስጥ «ዕዳውን አልቀበልም፤ ይረጋገጥልኝ» ብለው በጽሑፍ ከጠየቁ፣ ሰብሳቢው ማረጋገጫ እስኪልክልዎት ድረስ መሰብሰቡን ማቆም አለበት። በመጀመሪያ ማስታወቂያው የደረሰበትን ቀን ይፈልጉ። በስልክ «ለጊዜው 50 ዶላር ልክፈል» አይበሉ።

ጥያቄ፦ ክረምቱን አዲስ አበባ ሳሳልፍ ከአንድ ግለሰብ መኪና ተከራይቼ ነበር። ስመልስ «ስፖኪዮው ተሰብሮ ነበር፤ አስቀይሬዋለሁ» ብሎ ከመያዣው 12,000 ብር አስቀረብኝ። የርክክብ ፎርም አልነበረንም። ለሚቀጥለው ጊዜስ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ከኋለኛው ልጀምር። ለማንኛውም ኪራይ፣ ከአገር ቤትም ሆነ ከውጭ አገር፣ ቁልፍ ሲቀበሉም ሲመልሱም ሳይቋረጥ የሚቀረጽ ቪዲዮ ያንሡ። ከሰሌዳው ጀምረው ቀስ ብለው ዙሪያውን ይሂዱ፤ በአራቱም ቸርኬዎች ዘንድ በርከክ ይበሉ፣ የፓራውልቱን የታችኛውን ጠርዝ፣ ጣሪያውን፣ የፊት መስታወቱን ያሳዩ፣ በመጨረሻ ኪሎ ሜትሩንና የነዳጁን መጠን። መኪናው ታጥቦ ገና ካልደረቀ በጨርቅ ያብሱት፤ ውኃ ጭረትን ይደብቃልና። ይህን ስመክር የማስበው ከፍተኛ ዋጋ ከፍለው የተማሩትን ነው፤ በአንዳንድ የአሜሪካ አየር ማረፊያዎች ያሉ አከራዮችም እ.ኤ.አ. ከ2025 ወዲህ ተመላሽ መኪኖችን በካሜራ በር ማሳለፍ ስለጀመሩ፣ የእርስዎ ቪዲዮ ከማሽኑ ፎቶ ጋር የሚነጻጸር ብቸኛ ምስክርዎ ሊሆን ይችላል።

ወደ 12,000 ብሩ ስመጣ፣ ፎርም አለመኖሩ እርስዎን ብቻ ሳይሆን አከራይዎንም ይጎዳዋል። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2001 እንደተደነገገው፣ ግዴታ እንዲፈጸምለት የሚጠይቅ ወገን የግዴታውን መኖር ማስረዳት አለበት። በመልእክት የተለዋወጡትን ሁሉ ያስቀምጡ፤ መያዣውን የላኩበትን የባንክ ማረጋገጫም አይጣሉ። ከዚያ ሰውየውን በአክብሮት፣ ግን በግልጽ፣ ሁለት ነገር ይጠይቁት፦ የተገዛበትን ደረሰኝና የተሰበረውን ስፖኪዮ ራሱን። በአገራችን ባለ መኪና ዕቃ ሲያስቀይር አሮጌውን ከመካኒኩ ተቀብሎ መሄድ የቆየ ልማድ ነው፤ ስለዚህ አሮጌው ስፖኪዮ የት እንደገባ ያስረዳዎት።