ሽማግሌ ካስታረቀን በኋላም እንቅልፍ የለኝም

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምኖረው ጎንደር፣ አዘዞ ነው። ዕድሜዬ 34 ሲሆን ሁለት ልጆች አሉን። ባለቤቴ ለሥራ መተማ ይመላለሳል። ከጥምቀት በፊት ከአንዲት ሴት ጋር በቴሌግራም የተጻጻፈውን አየሁ። አልካደም፤ ዓመት ሊሞላው እንደሆነ ነገረኝ። የንስሐ አባታችንና ሁለት ሽማግሌዎች ተቀምጠው አስታረቁን። እኔም ለልጆቼ ስል ይቅር አልኩ። ግን አልወጣልኝም። እሱ ሲተኛ ተነስቼ ስልኩን እበረብራለሁ። ምግብ አስጠልቶኛል። ባልና ሚስት የሚያማክር ባለሙያ ጋ እንሂድ ስለው «እብድ ነን እንዴ?» አለኝ። ጎንደር ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ከየት ይገኛል? በምንስ ልምረጠው?

መልስ፦ እህቴ፣ እርቁ ከንቱ ቀረ ብለው አያስቡ። ሽማግሌዎቹ ቤት እንዳይፈርስ፣ ነገሩም አደባባይ እንዳይወጣ ይዘውልዎታል። ግን ሽማግሌ «ይቅር ለእግዚአብሔር» አባብሎ፣ መርቆ ይነሳል። ሌሊት ስልክ ሲበረብሩ አብሮዎት አይቀመጥም። እንቅልፍ ማጣቱ፣ ስልክ በጮኸ ቁጥር ልብ መደንገጡ፣ ያነበቡት መልእክት ድስት ሲያማስሉ እንኳ ዓይንዎ ላይ ድቅን ማለቱ፣ ከባድ ድንጋጤ የደረሰበት ሰው ላይ ዘወትር የምናየው ነው። «ይቅር ብያለሁ ብዬ ለምን ይመላለስብኛል?» እያሉ ራስዎን አይውቀሱ።

ወደ አማካሪው ከመሄዴ በፊት እንደ ሐኪም አንድ ነገር ልናገር። ሁለታችሁም ተመርመሩ። በእርቅ ላይ ይህን የሚያነሳ ሰው ብዙ ጊዜ አይኖርም፤ ያሳፍራል። ኤች አይ ቪ፣ ቂጥኝ እና የጉበት ቫይረስ ቢ በደም ምርመራ ይታወቃሉ። የኤች አይ ቪ ምርመራ በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ይሰጣል። በፈጣን መመርመሪያው ቫይረሱ ለመታየት እስከ 3 ወር ሊፈጅ ስለሚችል፣ የመጀመሪያው ውጤት «ነጻ» ቢልም ባለቤትዎ ከሴትየዋ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ ከተገናኙበት ቀን 3 ወር ቆጥራችሁ ድገሙት። እስከዚያ ኮንዶም ተጠቀሙ። ያልተለመደ ፈሳሽ፣ ቁስል ወይም የታችኛው ሆድ ሕመም ካለዎት፣ እርግዝናም ከጠረጠሩ፣ ለሚያይዎ ባለሙያ ሳይደብቁ ይንገሩ።

አሁን ወደ ጥያቄዎ። ጎንደር ላይ የመጀመሪያው በር የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ነው። ባለቤትዎን ያስፈራቸው ይሄ ስም ይመስለኛል። እዚያ የሚሰለፈው ግን እንቅልፍ ያጣው፣ ጭንቀት የያዘው፣ ከወሊድ በኋላ ሆድ የባሳት ሁሉ ነው። ሳይካትሪስቱ ሐኪም ስለሆነ መድኃኒት ያዝዛል፤ የሥነ ልቦና ባለሙያው ደግሞ ሕክምናው በንግግር ነው። ለትዳራችሁ የምትፈልጉት በአብዛኛው ሁለተኛውን ነው። የእርስዎ የምግብና የእንቅልፍ ነገር ከ2 ሳምንት በላይ በየቀኑ ከዘለቀ ግን የመጀመሪያውም ይየዎት፤ ድብርት ሊሆን ይችላል፣ ይታከማል። ሆስፒታሉ ተማሪዎች የሚማሩበት ነው። ተማሪ ባለበት ማውራት ከከበደዎት «ብቻችንን ብንሆን» ማለት መብትዎ ነው፤ ማንም አይቆጣዎትም።

በጥንዶች ላይ ብቻ የሚሠራ ባለሙያ እንደ መድኃኒት ቤት በየሰፈሩ አይገኝም። ስለዚህ በክፍሉ ውስጥ ከባልና ሚስት ጋር የሠራ ማን እንደሆነ ጠይቁ፤ የግል ክሊኒኮችንም አጠያይቁ። ጎንደር ላይ ደግሞ ሰው ሁሉ ይተዋወቃል። ባለሙያው የአክስትዎ ልጅ ወይም የባለቤትዎ ማኅበርተኛ ከሆነ ጥሩ ሰው ቢሆንም ይቅርባችሁ። ሰው እንዳያየን ካላችሁ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ካለ ባለሙያ ጋር በቪዲዮ መነጋገርም ይቻላል። ኔትወርኩ ከፈቀደ፣ ልጆቹ ከሌሉ፣ ግድግዳውም ለጎረቤት ካላሰማ።

ቀጠሮ ሲይዙ ሳያፍሩ ይጠይቁ፦ ምን ተምረዋል? ማግጦ ከተያዘ ሰውና ከትዳር ጓደኛው ጋር ሠርተው ያውቃሉ? ሁለታችንንም ባንድ ላይ ያዩናል? አንዳችን ለብቻ የነገርንዎትን ምስጢር ምን ያደርጉታል? የመጨረሻው ጥያቄ ዋናው ነው። ባለቤትዎ «ገና አልተውኳትም» ብለው ለባለሙያው ሹክ ቢሉ፣ እርስዎ ሳያውቁ ምክሩ መቀጠል የለበትም። ጥሩ ባለሙያ ይህን ገና ከመጀመሪያው ቁጭ አድርጎ ያስረዳችኋል። በመጀመሪያው ቀን «ምን ጎድሎበት ነው ውጭ የሄደው?» ብሎ ወደ እርስዎ የሚዞር ሰው ካጋጠመዎት ግን ተመልሰው አይሂዱ። በትዳር ውስጥ የጎደለ ነገር ሊኖር ይችላል፤ ውሳኔው ግን የእሳቸው ነበር። «ፍቺው» ብሎ የሚቸኩለውም ያው ነው።

ሥራው በአብዛኛው ወራት ይወስዳል። መጀመሪያ ጭቅጭቁን ማብረድ ነው፤ ግንኙነቱ በእርግጥ መቆሙን፣ ስልኩ ለጊዜው ክፍት መሆኑን፣ ባለቤትዎ መተማ ሲወርዱ መቼና ከማን ጋር እንደሚያድሩ የሚናገሩበትን መስማማት። የት እንደተገናኙ፣ እስከ መቼ እንደቆየ መጠየቅ ይጠቅማል። አልጋ ላይ የሆነውን እየዘረዘሩ መጠየቅ ግን ቀድሞም ለማያስተኛዎት ምስል ነዳጅ ነው፤ እኔ ይህኛው ጥያቄ ይቅርብዎ እላለሁ። ከዚያ ነው እንዴት እዚህ ደረስን የሚለው የሚነሳው። አብሮ መቀጠል ወይም መለያየት የሚወሰነውም በስተመጨረሻ ነው፤ ወደ ምክር መሄድ አብሮ ለመኖር መፈረም አይደለም።

ለባለቤትዎ «ትዳራችንን እናሳክም» ከማለት «እኔ እንቅልፍ አጥቻለሁ፣ ሐኪም ጋ አብረኸኝ ግባ» ቢሏቸው ይቀላል። ውሸትም አይደለም። የንስሐ አባታችሁም «ሂዱ» ቢሏቸው ጥሩ ነው፤ ጸበሉንም ምክሩንም አንዱን ለአንዱ መተው አያስፈልግም።

አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ። ቤት ውስጥ ዱላ ወይም ዛቻ ካለ አብራችሁ አትግቡ። እዚያ የተናገሩት ማታ ቤት ሊያስመታዎት ይችላል፤ መጀመሪያ ብቻዎን ሄደው ይህንኑ ይንገሩ። «ብሞት ይሻለኛል» የሚል ሐሳብ ከመጣብዎት ደግሞ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ የዚያኑ ዕለት፣ ሌሊትም ቢሆን፣ የሚያምኑትን ሰው ይዘው የሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል ይግቡ።

ባለቤትዎ ጨርሰው እምቢ ካሉ ብቻዎን ይጀምሩ። ብቻዎንም ሄደው እንቅልፍዎ ሊመለስ፣ ሐሳብዎ ሊጠራ ይችላል። አንዳንዱ ባለሙያ ግን አንዱን ለብቻ ለረጅም ጊዜ ካየ በኋላ ሁለቱን አብሮ አይቀበልም፤ ወደ ሌላ ይልካል። ባለቤትዎ ኋላ ሐሳባቸውን ቢቀይሩ እንዴት እንደሚሆን በመጀመሪያው ቀጠሮ ላይ ይጠይቁት።