የአንባቢያን ጥያቄዎች፦ የጥንት ብር ዕቃ ማኅተም እንዴት ይነበባል?

(ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄ፦ ከሻይ ማንቆርቆሪያዬ ሥር አምስት ትንንሽ ማኅተሞች አሉ፦ የሚራመድ አንበሳ፣ መልህቅ፣ አንድ ፊደል፣ ወደ ግራ የዞረ የሴት ራስ እና ሁለት የላቲን ፊደላት። ክዳኑ ላይ ምንም የለም። መልህቁን ያዩ ሰዎች «የመርከብ ዕቃ ነው» ይሉኛል። ዘመኑን ማወቅ ይቻላል?

መልስ፦ መልህቁ ከመርከብ ጋር አይገናኝም፤ የእንግሊዟ ከተማ የበርሚንግሃም የብር መመርመሪያ ቢሮ ምልክት ነው። የለንደን የነብር ራስ፣ የኤድንብራ ግንብ፣ የሸፊልድ ደግሞ እስከ 1974 ዘውድ ነበር። አንበሳው ብሩ ስተርሊንግ፣ ማለትም ከሺህ እጅ 925ቱ ንጹሕ ብር መሆኑን ይመሰክራል።

ዘመኑን ሲፈልጉ ግን ከፊደሉ አይጀምሩ፤ አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ፊደሉ በየዓመቱ ስለሚቀየር፣ ዙሩ ሲያልቅ ያው ፊደል ተመልሶ ይመጣል። የሚለየው አጣጣሉና የከበበው ጋሻ ቅርጽ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሴቲቱን ራስ ይዩ። የነገሥታት ራስ የብር ቀረጥ መከፈሉን የሚያሳይ ምልክት ሲሆን፣ የተመታውም ከ1784 እስከ 1890 ነው። ወደ ግራ የዞረችው ሴት ንግሥት ቪክቶሪያ ስለሆነች ዕቃው ከ1830ዎቹ መጨረሻ እስከ 1890 ባለው ጊዜ የተሠራ ነው። አሁን የበርሚንግሃምን የፊደል ሰንጠረዥ ይክፈቱ። የለንደኑ አይሠራም፤ እያንዳንዱ ቢሮ የየራሱ አለው። ፊደሉ የሚቀየረው በዓመቱ አጋማሽ ስለነበር አንዱ ፊደል ሁለት ዓመት ይነካል። የሠሪውን ሁለት ፊደላት መጨረሻ ላይ ይፈልጉ። ተመሳሳይ ፊደል ያላቸው አንጥረኞች ብዙ ናቸው፤ ከተማና ዓመት ሳይያዝ ማንነታቸው አይለይም።

የሚያሳስበው ክዳኑ ነው። ቢያንስ አንበሳውና የሠሪው ምልክት ሊኖረው ይገባ ነበር። ከውስጥ በኩል ጠርዙ ሥር ይፈልጉ፤ ከሌለ ክዳኑ በኋላ የተተካ ሳይሆን አይቀርም። በዚያው ማኅተሞቹ ላይ ትንፋሽዎን ይልቀቁበት። ጉሙ ሲያርፍ ማኅተሞቹን የከበበ የብየዳ መስመር ብቅ ካለ፣ ከሌላ የብር ዕቃ ተቆርጠው የተበየዱ ናቸው ብለው ይጠርጥሩ።

ጥያቄ፦ ማኅተሙ ተፍቆ አይነበብም። ላጽዳው?

መልስ፦ አይወልውሉት። የተረፈውን ጠርዝ የሚበላው ራሱ ውልወላው ነው። በአሥር እጥፍ አጉሊ መነጽር፣ መብራቱን ከጎን ዝቅ አድርገው ይዩት። ካልሆነ የሻማ ጥላሸት በስሱ ያሲዙትና ግልጽ ፕላስተር ለጥፈው ያንሱ፤ ፕላስተሩን ነጭ ወረቀት ላይ ሲለጥፉት በዓይን ያልታየው ይነበባል።

ጥያቄ፦ ማንኪያዎቼ ላይ ኢ፣ ፒ፣ ኤን፣ ኤስ የሚሉ ፊደላት እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ጋሻ ውስጥ ተመትተዋል፤ ከጎናቸው ኤ1 አለ። የእንግሊዝ ብር ናቸው?

መልስ፦ አይደሉም። ፊደላቱ «በኤሌክትሪክ ብር የተለበጠ ኒኬል ሲልቨር» ለሚለው አጭር መጠሪያ ናቸው። ኒኬል ሲልቨር የሚባለው ደግሞ የመዳብ፣ የዚንክና የኒኬል ቅይጥ ነው፤ በውስጡ ብር የለም። ፊደላቱ በየጋሻው መቀመጣቸው የእውነተኛ ብር ማኅተም እንዲመስሉ ነው፣ ተንኮሉም እዚያ ላይ ነው። ኤ1 ፋብሪካው ለራሱ ልባጥ የሰጠው ደረጃ እንጂ የመርማሪ ቃል አይደለም።

በማኅተም ብቻ ካልረኩ ይመዝኑ። ማንኪያውን ደረቁን ይመዝኑ፤ እንበል 62.2 ግራም። ከዚያ ውሃ የያዘ ጎድጓዳ ሳህን ሚዛኑ ላይ አስቀምጠው ወደ ዜሮ ይመልሱት። ማንኪያውን በክር አስረው ጎንም ሥርም ሳይነካ ሙሉ በሙሉ ያጥልቁት። ሚዛኑ 6.0 ካሳየ፣ 62.2 ለ6.0 ሲካፈል 10.37 ይመጣል፤ ይህ የማንኪያው እፍጋት ነው፤ ስተርሊንግ ነው። ኒኬል ሲልቨር ከሆነ ውጤቱ 8.7 አካባቢ ነው። የተጣበቀ የአየር አረፋ ውጤቱን ስለሚያሳንስ በጣትዎ ጠርገው ያስወግዱት። ውስጡ ክፍት ወይም ሙሌት ያለበት የቢላ እጀታ በዚህ መንገድ አይለካም።

ጥያቄ፦ የጀርመን ሹካ ላይ 90 የሚል አለ። ዘጠና በመቶ ብር ማለት ነው?

መልስ፦ ልባጥ ነው። 12 የገበታ ማንኪያና 12 ሹካ ለመለበጥ በጠቅላላው 90 ግራም ብር ውሏል ማለት ነው። ከ1888 ወዲህ እውነተኛው የጀርመን ብር እንደ 800 ያለ ባለ ሦስት አኃዝ ቁጥር ከግማሽ ጨረቃና ዘውድ ጋር ይይዛል። ባለ ሁለት አኃዝ ሁሉ ግን ልባጥ ነው ብለው እንዳይጥሉ፦ የድሮ ሩሲያ ዕቃ ላይ ያለው 84 ከ96 የሚቆጠር ነው፤ ከሺህ 875 ይሆናል።