ከባንኩ አዳራሽ መሀል ያሉት ኮለኖች ይነሱ ወይ?

ጥያቄው ከአዳማ ነው። ጠያቂያችን ጂ+9 ሕንፃ ንድፍ አሠርተዋል፤ ከሥር ቤዝመንት፣ ግራውንዱና አንደኛው ፎቅ ለባንክና ለሱቅ፣ ከዚያ በላይ መኖሪያ። ሊከራይ ያሰበው ባንክ፣ «ግራውንዱ መሀል ያሉት ሁለት ኮለኖች (የአርማታ ምሰሶዎች) ይነሱ፣ ከፍታውም 5 ሜትር ይሁን» ብሏቸዋል። አርክቴክቱ ይቻላል ይላል፤ የስትራክቸር መሐንዲሱ ፊቱን ቋጥሯል። «ማንን ልስማ?» ይላሉ።

መሐንዲሱን ይስሙ።

አርክቴክቱ ዋሽቷል ማለቴ አይደለም። ትልቅ ቢም (አግድም የአርማታ ተሸካሚ) ተሠርቶ የላይኛውን ጭነት ወደ ጎን ወዳሉት ኮለኖች ማሻገር ይቻላል። ነገር ግን ያን ሁሉ ፎቅ የሚሸከም ቢም ወፍራም ነው፤ ከፍ ይበል የተባለውን ጣሪያ መልሶ ያወርደዋል፤ የሚበላው ፌሮና አርማታም ቀላል አይደለም። እኔን ከዚህ በላይ የሚያሳስበኝ መሬቱ ነው። አዳማ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ናት። በ2017 ዓ.ም. ከአዋሽ ፈንታሌ በኩል የተነሳው ተደጋጋሚ መንቀጥቀጥ አዳማ ድረስ ሲሰማ እንደነበር እርስዎም ያስታውሳሉ።

የእርስዎ ሕንፃ ላይኛው ክፍል በብሎኬት ግድግዳ የተከፋፈለ ነው። ግድግዳው ኮለኖቹን ጠፍሮ ስለሚይዛቸው ላዩ እንደ አንድ ሳጥን አብሮ ይሄዳል። ታች ግን ያለው መስታወት ነው። ስለዚህ መሬት ሲንቀሳቀስ መወዛወዙ ግራውንዱ ላይ ይከማቻል። ሂሳቡን ይዩት፦ ውፍረቱ ሳይለወጥ የኮለን ቁመት ከ3 ሜትር ወደ 5 ሲያድግ፣ ወደ ጎን እንዳይገፋ የሚይዘው ግትርነት ወደ አንድ አምስተኛ ገደማ ይወርዳል። በዚያ ላይ ሁለት ኮለን ሲቀነስ ምን እንደሚቀር ይገምቱ። በ2015 ዓ.ም. ጥር ወር ቱርክን የመታው መጠኑ 7.8 የደረሰ መንቀጥቀጥ ታቻቸው ሱቅ፣ ላያቸው መኖሪያ የሆኑ ብዙ ሕንፃዎችን የጣለው አንዱ ምክንያት ይኸው የምድር ወለሉ ድክመት ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? የኮለኖቹን አቀማመጥ ከቤዝመንቱ ጀምራችሁ እንደገና አስቡት። ለአንድ መኪና 2.5 ሜትር ስፋት ብንይዝ ሦስት መኪና ጎን ለጎን 7.5 ሜትር ይፈልጋል፤ 60 ሳንቲሜትር ኮለን ሲጨመር ከመሀል እስከ መሀል 8.1 ሜትር ይሆናል። ይኸው ልኬት ላይ ሲወጣ ሁለት ጥሩ ክፍል ይወጣዋል፤ ግራውንዱ ላይ ደግሞ አንድ ሰፊ ወይም ሁለት ጠባብ ሱቅ። ባንኩም ስምንት ሜትር ክፍት ካገኘ ኮለኑን ካውንተሩ መስመር ላይ ሊያስገባው ይችላል። ከፍታውን 4 ሜትር ላይ ያዙት። የሊፍቱና የደረጃው የአርማታ ግድግዳ ከመሠረት እስከ ጣሪያ ሳይቋረጥ ይውጣ። አሁን ባለው ንድፍ ሊፍቱ አንድ ጥግ ላይ ከተቀመጠ በተቃራኒው በኩል ሌላ የአርማታ ግድግዳ ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ሕንፃው ይጠመዘዛል።

የመጸዳጃ ቤቶቹንም ነገር አደራ። ከፎቅ ፎቅ አንዱ በአንዱ ላይ ይደራረቡ፤ ቧንቧው በአንድ ሻፍት (ከላይ እስከ ታች በተተወ የቧንቧ መተላለፊያ) ይውረድ። አንድ ጊዜ የሚያፈስ የሱቅ ኮርኒስ አስከፍቼ ያየሁት ከላይ ካለው አፓርታማ የመጣ ባለ 110 ሚሊሜትር ቧንቧ ነበር፤ አሥር ሜትር ያህል ተጋድሞ ምንም ተዳፋት የለውም። በሜትር 2 ሳንቲሜትር ቢሰጠው ጫፉ 20 ሳንቲሜትር ይወርድ ነበር፤ ለዚያ የሚሆን ቦታ ግን ኮርኒሱ ውስጥ አልተተወም። ነጋዴው ጨርቁን በላስቲክ ሸፍኖ ነበር የሚሸጠው።

የነዋሪዎቹ መግቢያ በጎን መንገድ ይሁን፤ ባንክ ማታ ይዘጋል፣ ሰው ግን ማታ ነው ቤቱ የሚገባው። የቤዝመንቱ መውረጃ አፍም ከመንገዱ 20 ሳንቲሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይጀምር፤ ክረምት ከኮረብታው የሚወርደው ጎርፍ መኪናዎቻችሁ ላይ እንዳይገባ።

መሐንዲሱን ኮለኖቹ ባሉበትና በተነሱበት ሁኔታ ሁለት ስሌት እንዲሠራ ይጠይቁት፤ ግራውንዱ ወደ ጎን ስንት እንደሚሄድ በሚሊሜትር ይጻፍልዎ። ወረቀቱን ይዛችሁ ሁለታችሁም ባንኩ ዘንድ ሂዱ። እምቢ ካለ ሌላ ተከራይ ይፈልጉ።