«አማርኛሽ ነው ልጁን ያስቀረው»

አንዲት እናት ከአሜሪካ፣ ከቨርጂኒያ ጽፋልኛለች። ደብዳቤዋ ረዘም ይላል። ፍሬ ነገሩ ይኸው፦

«የምንኖረው ፌርፋክስ ካውንቲ ነው። ትልቁ ልጃችን ሰባት ዓመቱ ነው፤ ሁለተኛ ክፍል። ኮጋት የሚባለውን የችሎታ ፈተና ወስዶ በአጠቃላይ 124 አመጣ። በቁጥር 128፣ በቅርፅ 127 ነው፤ በቋንቋ ግን 106። ኤኤፒ የሚሉት የላቁ ተማሪዎች ክፍል አልተቀበለውም። የባለቤቴ እህት ልጅ ግን ገብታለች። ከዚያ ወዲህ ባለቤቴ ‹አማርኛሽ ነው ልጁን ያስቀረው› እያለ ቤት ውስጥ አማርኛ እንዳላወራው ከለከለኝ። እናቴ ከደብረ ብርሃን ስትደውል እንኳ ስልኩን ለልጁ መስጠት ትቻለሁ። ማታ ማታ አባቱ መለማመጃ መጽሐፍ ይዞ ያስቀምጠዋል፤ እያለቀሰ ይሠራል። ባለፈው እሁድ እህቱ ቤት ቡና ላይ ስለ ውጤቱ ሲወራ ልጄ ሰምቶ ኖሮ፣ መኪና ውስጥ ‹ማሚ፣ እኔ ስማርት አይደለሁም እንዴ?› አለኝ። ዝም አልኩ። ከባለቤቴ ጋር ከተኳረፍን ሁለት ሳምንት ሆነን።»

እህቴ፣ ከሁሉም ሆዴን የበላው የመኪናው ጥያቄ ነው። ከእሱ ልጀምር።

በዚህ ዕድሜ ያሉ ልጆች እናትና አባት ሲኳረፉ ጥፋቱን ወደ ራሳቸው ያዞራሉ። ልጅሽም ያንን ወረቀትና የቤታችሁን ዝምታ አገናኝቷቸዋል። ዛሬ ማታ ሲተኛ አጠገቡ ቁጭ በይ። «እሁድ ቡና ላይ የሰማኸው ነገር እንዳስከፋህ አውቄያለሁ። እኛ ትልልቆቹ ነን ያጠፋነው። እኔና አባዬ የተኳረፍነው በአንተ አይደለም» በይው። አጭር ይሁን። ካለቀሰ ይልቀስ፤ እቀፊው።

«አንተማ በጣም ስማርት ነህ!» ብለሽ ለማጽናናት ግን አትቸኩዪ። ክላውዲያ ሙለርና ካሮል ድዌክ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1998 ያሳተሙት ጥናት አለ። የአምስተኛ ክፍል ልጆች እንቆቅልሽ መሰል ጥያቄዎች ከሠሩ በኋላ ገሚሶቹ «ጭንቅላት አላችሁ»፣ ገሚሶቹ «በርትታችሁ ሠርታችኋል» ተብለው ተመሰገኑ። ቀጥሎ ከበድ ያለ ተሰጣቸውና ሁሉም ተቸገሩ። በጭንቅላታቸው የተመሰገኑት ቶሎ ተስፋ ቆረጡ። እንደገና ቀላሉን ሲሠሩ ደግሞ ከመጀመሪያው የባሰ ውጤት አመጡ። ስለዚህ ልጅሽን ስታመሰግኚው ዓይንሽ ያየውን ንገሪው። «ያን ሌጎ ሦስቴ ፈርሶብህ አራተኛው ላይ አቆምከው» ብትይው ይበቃዋል።

አሁን ወደ ቁጥሩ። የኮጋት አማካይ 100 ነው። 124 ማለት ልጅሽ ከመቶ እኩዮቹ ዘጠና ሦስት ያህሉን በልጧል ማለት ነው። ወረቀቱን አንዴ በዚህ ዓይን እዩት እስቲ! ደግሞ የሰባት ዓመት ልጅ ነው የተፈተነው። እንቅልፍ አጥቶ ሊሆን ይችላል፤ እርሳሱ ተሰብሮበት ሊሆን ይችላል። ያው ልጅ ሌላ ቀን ቢፈተን ጥቂት ነጥብ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ማለቱ የተለመደ ነው። ዘንድሮ ከላይ የተገኙ ብዙ ልጆች በሚቀጥለው ዓመት እዚያ አይገኙም፤ ዘንድሮ ያልታዩትም ብቅ ይላሉ። ፌርፋክስ ላይ ኮሚቴው የመምህሩን ግምገማና የልጁን የክፍል ሥራዎችም ያያል። ስለዚህ «106ቱ ነው ያስቀረው» ብሎ መደምደም አይቻልም።

እንበልና ቋንቋው ነው። በታችኛው ክፍል የኮጋት የቋንቋ ክፍል በአብዛኛው ሥዕል ነው። አንዱ ንዑስ ክፍል ግን መምህሩ ጥያቄውን በእንግሊዝኛ ሲያነብ ሰምቶ ትክክለኛውን ሥዕል መምረጥ ነው። በሁለት ቋንቋ የሚያድግ ልጅ ቃላቱ በሁለት ከረጢት ናቸው። ፈተናው አንዱን ብቻ ይቆጥራል። የሁለቱን ከረጢት ደምሪና እዪው፤ ከእኩዮቹ አያንስም። አማርኛውን ስትነጥቂው እንግሊዝኛው አይጨምርም። አንቺ በደንብ በምትችዪው ቋንቋ ተረት ስትነግሪው፣ ስትከራከሪው፣ «ለምን ይመስልሃል?» ስትዪው ነው አእምሮው የሚሠራው። በተሰባበረ እንግሊዝኛ «ብላ፣ ተኛ፣ ዝም በል» ብቻ የሚሰማ ልጅ ብዙ ያጣል። በዚህ ላይ ባለቤትሽ ተሳስቷል። ማለሳለስ አልፈልግም።

ግን ባለቤትሽን እንደ ክፉ ሰው አላየውም። የፈራ አባት ነው። ስደት ላይ ያለ ወላጅ ድካሙን ሁሉ ልጁ ላይ ያስቀምጣል። የልጁ ውጤት ሲመጣ የራሱ የተመዘነ ይመስለዋል፤ በዚያ ላይ የእህቱ ልጅ አለች። ደክሞ ሲገባ አታናግሪው። ልጁ በሌለበት፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ቡናሽን አፍልተሽ ጀምሪ። «አንተ እንዲህ ነህ» ከማለት በፊት «ልጁ መኪና ውስጥ እንዲህ አለኝ» በይውና ዝም በዪ። እሱ ያን ቃል አልሰማም። መጀመሪያ ይስማው። የልጆቹን ውጤት እህቱ ቤት ማነጻጸር እንዲቆም ደግሞ ራሱ ይንገራት። እህቱ ናት፤ ከአንቺ አፍ ከወጣ ነገር ይሆናል።

የማታው ልምምድ ይቁም። የጥያቄውን ዓይነት አንድ ሁለቴ ማየት አይጎዳም። የየማታው እንባ ግን ልጁን ከትምህርት ጋር ያቆራርጠዋል።

በሩም አልተዘጋም። ይግባኝ አለ፤ የመጨረሻው ቀን እንዳያልፋችሁ ቶሎ ጠይቁ። ካልሆነም እስከ ሰባተኛ ክፍል በየዓመቱ ወላጅ ልጁ እንዲታይለት መጠቆም ይችላል። ኤኤፒ ሙሉ ቀን ብቻ አይደለም፤ በአንድ ትምህርት ብቻ የሚሰጥ ደረጃም አለው። በቁጥር 128 ያመጣ ልጅ ሒሳብ ላይ ለምን አይታይም? መምህሩን ጠይቁ። እንግሊዝኛው ካስቸገራችሁ ትምህርት ቤቱ አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ አለበት፤ ሳታፍሩ ጠይቁ። ይህን የምለው ምክንያት አለኝ። ፍሎሪዳ ውስጥ አንድ ትልቅ የትምህርት ወረዳ በ2005 የሁለተኛ ክፍል ልጆችን ሁሉ መፈተን ሲጀምር፣ ለላቁ ተማሪዎች ፕሮግራም የሚበቁ የድሃና የጥቁር ቤተሰብ ልጆች ቁጥር በጣም ጨመረ። ልጆቹ ፊትም ነበሩ። ወላጅና መምህር ሳይጠቁማቸው ቀርተው ነው። ስለዚህ እናንተ ጠቁሙ፤ ሁለታችሁም አብራችሁ ሂዱ።

እናትሽ በሚቀጥለው ስትደውል ስልኩን ለልጁ ስጪው። ስለ ሌጎው በአማርኛ ይንገራት። ቃል ሲጠፋው አትቀድሚው፤ ራሱ ይፈልገው።