ከማጣሪያው በፊት ዓሣውን ዕወቁ

ውድ ወጣት ባልደረቦቼ፣

እኔ ሥራ በጀመርኩበት ዘመን በሐሩር ክልል ወንዞች ውስጥ ምን እንዳለ የምናውቀው በመረብ ነበር፤ መረቡ ያልያዘውን ዓሣ ደግሞ፣ ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል፣ «የለም» ብለን እንመዘግብ ነበር። እናንተ ግን አንድ ወይም ሁለት ሊትር ውሃ በማጣሪያ አሳልፋችሁ፣ እንስሳቱ ከቆዳቸው፣ ከልጋጋቸውና ከዓይነ ምድራቸው በውሃው ውስጥ የተዉትን ዲኤንኤ በማንበብ ማን እንደሚኖርበት ትጠይቃላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2008 ተመራማሪዎች በፈረንሳይ ኩሬዎች ውስጥ ከሰሜን አሜሪካ የመጣን ወራሪ እንቁራሪት በዚህ መንገድ ማግኘታቸውን ይፋ ሲያደርጉ፣ እውነቱን ለመናገር፣ እኔ ከተጠራጣሪዎቹ አንዱ ነበርኩ። ተሳስቼ ነበር።

ሆኖም አንድ ነገር አደራ እላችኋለሁ፦ ዓሣ ለይቶ ማወቅን አትተዉ። ዲኤንኤውን የሚያነብበው መሣሪያ የሚሰጣችሁ የዲኤንኤ ፊደላት ድርድር እንጂ ስም አይደለም። ለዓሣ በብዛት የምንጠቀምበት የዲኤንኤ ቁራጭ ርዝመቱ 170 ፊደላት ገደማ ብቻ ሲሆን፣ ስም የሚያገኘውም ከዚህ በፊት አንድ ሰው ያንን ዓሣ ይዞ፣ ክንፉንና ጥርሱን መርምሮ፣ ስሙን አረጋግጦ፣ አካሉን በሙዚየም አኑሮ፣ ድርድሩንም በመረጃ ቋት ውስጥ አስገብቶ ከሆነ ነው። በአማዞን ተፋሰስ ብቻ ከ2,000 በላይ የዓሣ ዝርያዎች ተገልጸዋል፤ ከእነዚህ ውስጥ ግን ብዙዎቹ በመረጃ ቋቱ ውስጥ የሉም። በቪክቶሪያ ሐይቅ ደግሞ ችግሩ ሌላ ነው፦ በመቶዎች የሚቆጠሩት ሲክሊድ የተባሉት ዓሦች ዝርያዎች የተለያዩት ባለፉት 15,000 ዓመታት ገደማ ውስጥ ስለሆነ፣ በዓይን የሚለዩ ሁለት ዓሦች በዚያች አጭር ቁራጭ አንድ ሆነው ሊታዩ ይችላሉ። ያን ጊዜ ኮምፒውተሩ የሚሰጣችሁን የዝርያ ስም ተቀብላችሁ ሪፖርት ከምታደርጉ፣ ከዝርያ አንድ እርከን ከፍ ባለው በወገን (ጂነስ) ደረጃ ቆማችሁ «ከዚህ በላይ አይለይም» ብላችሁ ብትጽፉ ይበልጣል።

ሙቀቱም የራሱ ፈተና አለው። ውሃው በሞቀ ቁጥር ረቂቅ ሕዋሳት ዲኤንኤውን ቶሎ ይበሉታል፤ ስለዚህ ናሙናውን እዚያው ወንዙ ዳር አጣሩት፣ በረዶ ከሌለም ማጣሪያውን በኢታኖል ውስጥ አስቀምጡት። በደለላማ ውሃ ማጣሪያው ጥቂት መቶ ሚሊ ሊትር ካሳለፈ በኋላ ሊደፈን ይችላል። ያን ጊዜ በዕቅዱ ላይ የተጻፈውን ሳይሆን በእርግጥ ያለፈውን መጠን መዝግቡ። እንደ አማዞን ገባሩ ሪዮ ኔግሮ ያለ፣ ከበሰበሰ ቅጠል የተነሣ ሻይ የመሰለ ውሃ ደግሞ የፒሲአርን፣ ማለትም ዲኤንኤን ለማንበብ የምናባዛበትን ዘዴ፣ ሥራ የሚገታ አሲድ አለው፤ ምንም ያልሰጠ ናሙና ዐሥር እጥፍ ሲቀጥን በዓሣ የተሞላ ሆኖ ያየሁበት ጊዜ አለ። ባዶ ውጤት ስታገኙ፣ ዓሣው ጠፋ ከማለታችሁ በፊት ይህን ሞክሩ።

ከሁሉ በላይ ያስተማረኝ ግን የራሴ ጥፋት ነው። በአንድ የመስክ ጉዞ ለማረጋገጫ ብለን የተጣራ ውሃ በባልዲያችን ውስጥ ጨምረን፣ እንደማንኛውም ናሙና አሳልፈን ነበር። ከዚያ ባዶ ናሙና ውስጥ አምባዛ ወጣ። ባልዲውን ከሌላው ወንዝ ካመጣሁት በኋላ ያለቀለቅሁት በውሃ ብቻ ነበር፤ በበረኪና አላጠብኩትም፣ ጓንቴንም አልቀየርኩም። የዚያን ሳምንት ናሙና በሙሉ ጣልነው። ያ ባዶ ናሙና ባይኖር ኖሮ፣ በዚያ ወንዝ ኖሮ የማያውቅ አምባዛ በስሜ ታትሞ ይቀር ነበር።

ደግሞም ወንዝ እንደሚሄድ አትርሱ። የዲኤንኤ ቅንጣት ከእንስሳው ርቆ ብዙ ኪሎ ሜትር ወደ ታች ሊወርድ ስለሚችል፣ ያገኛችሁት ዝርያ የቆማችሁበት ቦታ ነዋሪ ሳይሆን የላይኛው ገባር ነዋሪ ሊሆን ይችላል። በዳር የሚኖሩ ዓሣ አጥማጆችን ጠይቁ፤ የትኛው ዓሣ በየትኛው ወር ወደየት እንደሚወጣ ከብዙዎቻችን ይልቅ እነርሱ ያውቃሉ፣ ውጤቱንም ሊሰሙ ይገባቸዋል።

በመጨረሻም፣ ስም ያላገኙትን ድርድሮች «ቆሻሻ» ብላችሁ አትሰርዙ። ፋይሉን አቆዩ፣ ማጣሪያውንም ለሁለት ቆርጣችሁ ግማሹን ቀኑንና ቦታውን ጽፋችሁ በማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጡት። አንድ ቀን አንዱ ዓሣውን በመረብ ይዞ ስሙን ሲያስመዘግብ፣ ያ ዓሣ ዛሬ በዚያ ወንዝ ውስጥ እንደነበረ የሚመሰክረው ያ ግማሽ ማጣሪያ ይሆናል።